ፓስፖርት መብት ነው፤ ሐጅ ቀን አለው



አቅሙ ያለው ሙስሊም በዕድሜው አንድ ጊዜ ሐጅ የማድረግ የእምነት ግዴታ አለበት። ብዙዎች ለዚህ ጉዞ ዕድሜ ልካቸውን ይቆጥባሉ። ሱቅ ነግደው፣ ታክሲ ነድተው፣ ጉሊት ተቀምጠው ያጠራቀሙትን ይዘው ሲነሡ ግን የመጀመሪያው እንቅፋት የሚገጥማቸው እዚሁ አገራቸው ውስጥ ነው፤ ፓስፖርት።

በ2015 ዓ.ም. በርካታ ዜጎች ፓስፖርት ለማግኘት ለወራት ተንገላተዋል። ለሌላው መንገደኛ መዘግየት መጉላላት ነው፤ ለሐጅ ተጓዥ ግን ከዚያ በላይ ነው። በዙልሂጃ 9ኛ ቀን ዐረፋ ላይ ያልቆመ ሰው የዚያ ዓመት ሐጅ አምልጦታል። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ፓስፖርት ምን ይጠቅመዋል? በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ለከርሞ እንዲደርሱስ ማን ዋስ ይሆናቸዋል?

የሐጅ ወቅት ድንገት አይመጣም። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ ይታወቃል። ስለዚህ «ሥራ በዛ» የሚለውን ምክንያት አንቀበልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ ዜጋው በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነትን ደንግጓል። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያን 5,000 ብር፣ በሁለት ቀን የሚደርሰውን 25,000 ብር አደረገው። ገንዘብ ላለው አጭር መንገድ፣ ለድሃው ረጅም ሰልፍ ማለት ነው።

ሕጋዊው መንገድ ሲጠብ ሰው በደላላ እጅ ይወድቃል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በነበረው የሐጅ ሙቀት 1,301 ሰዎች መሞታቸውንና ከእነዚህም 83 ከመቶ የሚሆኑት የሐጅ ፈቃድ እንዳልነበራቸው የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል።

የሐጅ ኮታና ቪዛ በሳዑዲ መንግሥት እጅ ነው፤ እሱን እናበዛለን ብለን አንዋሻችሁም። በእኛ እጅ የሚሆነውን ግን እንፈጽማለን። ከተመረጥን፦

1. ለሐጅ የተመዘገበ ዜጋ ፓስፖርቱን ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ወር በፊት እንዲያገኝ በሕግ እንወስናለን።

2. የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው አረጋውያን በቀበሌያቸው፣ በሚያውቋቸው ሰዎች ምስክርነት፣ ማስረጃ እንዲያገኙ እናደርጋለን።

3. መሥሪያ ቤቱ ራሱ ላዘገየው ፓስፖርት ተጓዡ የአስቸኳይ ክፍያ አይጠየቅም።

4. ምዝገባውና መስተንግዶው የመጅሊሱ ሥራ ነው። በአንቀጽ 11 መሠረት መንግሥት እጁን አያስገባም።

ይኸው አሠራር ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ለሚነሡ ክርስቲያን ወገኖቻችንም ያገለግላል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም አብረዋቸው ተሰልፈው ነበር። ያን ቀን የተጠየቀው ችሮታ አልነበረም፤ የዜግነት መብት ነበር። ዛሬም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ድምፃችሁን ስትሰጡ ፓስፖርቱን እየጠበቁ ሐጁ ያለፋቸውን ጎረቤታችሁን አስቡ።