ነጩ ሳላ ወደ ምሥራቁ በረሃ ተመልሷል፤ ጥያቄው አጥሩ ነው

ዳማምና ኾባር በነዳጅና በወደብ እንጂ በዱር እንስሳት ስማቸው አይነሳም። ይሁን እንጂ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከኾባር አጠገብ በዳህራን የሆነው የሳዑዲ አራምኮ ኩባንያ፣ ከዚያ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሩብ አል-ኻሊ በረሃ በሚገኘው የሻይባ የነዳጅ መስክ ዙሪያ 637 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት አጥሮ የዱር እንስሳት መጠለያ አድርጎታል። ከአካባቢው ጠፍተው የነበሩ ሦስት እንስሳት እ.ኤ.አ. በ2016 ወደዚህ ስፍራ ተመልሰዋል። እነርሱም ዓረቦች «አል-መሃ» የሚሉት ነጭ ሳላ፣ «ሪም» የተባለችው የአሸዋ ሚዳቋና ሰጎን ናቸው።

የሰጎኗ መመለስ ለምሥራቃዊው ክልል የራሱ ታሪክ አለው። የዓረቢያ ሰጎን ዘሯ ከመጥፋቱ በፊት ከታዩት የመጨረሻዎቹ መካከል፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከዳማም በስተሰሜን በጁበይል አካባቢ የቧንቧ መስመር ሠራተኞች አርደው በልተዋታል የተባለችው ትገኝበታለች። ዛሬ በሻይባ የምትታየው ያችው ሰጎን ሳትሆን፣ የቅርብ ዘመዷ የሆነችው የሰሜን አፍሪካዋ ቀይ አንገት ሰጎን ናት። ጨርሶ የጠፋ ዘር አይመለስም፤ የሚቻለው ቅርብ የሆነውን መተካት ብቻ ነው።

ነጩ ሳላ ግን ራሱ ተመልሷል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚታየው የአገራችን ሳላ የቅርብ ዘመድ የሆነው ይህ እንስሳ፣ በመኪናና በጠመንጃ ሲታደን ኖሮ በዱር የቀረው የመጨረሻው በ1972 በዖማን ተገደለ። የተረፈው አስቀድሞ በተሠራ ሥራ ነው። በ1962 አንድ የአሰሳ ቡድን በዚያን ጊዜ የኤደን ጥበቃ ግዛት ይባል ከነበረው በረሃ ጥቂቶቹን ይዞ በኬንያ ኢሲዮሎ ካቆያቸው በኋላ፣ በ1963 በአሜሪካ አሪዞና ወደሚገኘው የፊኒክስ መካነ እንስሳት ተላኩ። ከለንደን መካነ እንስሳት፣ ከኩዌትና ከንጉሥ ሳዑድ ስብስብ የመጡት ሲጨመሩባቸው መንጋው 9 ሆነ። በዖማን እንደገና በዱር የተለቀቁት በ1982 ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2011 ሳላውን «ለመጥፋት ከተቃረቡ» ምድብ አውጥቶ ወደ «ተጋላጭ» ምድብ ሲያዛውረው፣ በዱር ፈጽሞ ጠፍቶ ከነበረ እንስሳ እስከዚህ ደረጃ ያገገመ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሳዑዲ ዓረቢያ በ1986 በጣኢፍ ያቋቋመችው የዱር እንስሳት ምርምር ማዕከል የመጀመሪያ ፈተናው ማራባት አልነበረም፤ በሽታ ነበር። ከንጉሥ ኻሊድ እርሻ በመጣው መንጋ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። ባለሙያዎቹ የታመሙትን በመድኃኒት እያከሙ፣ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ለይተው በእጅ እያሳደጉ፣ ከበሽታ ነጻ የሆነ መንጋ ከሥሩ ገነቡ። በአንድ መኪና የሚጫን አንድ የታመመ እንስሳ የብዙ ዓመት ድካም ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከማዘዋወር በፊት የሚደረገው ምርመራና ለይቶ ማቆየት የሥራው እምብርት ነው።

የዘር ጉዳይም ቀላል አይደለም። መነሻው ጥቂት የሆነ መንጋ የቅርብ ዘመድ ከዘመዱ እየተዳቀለ ይዳከማል፤ ለዚህም የዘር ሐረግ መዝገብ እየተያዘ እንስሳት ከአንዱ ማቆያ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ነገር ግን በዖማን መንጋ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመጠን በላይ የተራራቁ ዘሮችን ማገናኘትም የግልገሎችን የመኖር ዕድል ሊቀንስ ይችላል። «አዲስ ደም ይጨመር» ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የማን ደም ከማን ጋር የሚለው መታወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአጥሩ ነገር ነው። በ1990 ሳላዎች የተለቀቁበት በምዕራብ ሳዑዲ የሚገኘው የመሃዛት አስ-ሰይድ ጥብቅ ስፍራ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ በአጥር የተከበበ ነው። አጥሩ አዳኙንና የቤት ከብቱን ከለከለ፤ ሣሩ አገገመ፤ መንጋው በዛ። ከዚያ ድርቅ መጣ። ሳላ ዝናብ የጣለበትን አቅጣጫ ተከትሎ ረጅም መንገድ የሚጓዝ እንስሳ ነው፤ እዚህ ግን ሽቦው አገደው። ከ1999 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳላዎች በአጥሩ ውስጥ በረሃብ አለቁ። ከጥይት ያዳናቸው አጥር ከዝናብ ለያቸው።

ታዲያ አጥሩ ይነሳ? የዖማን ታሪክ ይህን ለማለት አያስደፍርም። በ1996 ወደ 450 ይደርስ የነበረው አጥር አልባው የዖማን መንጋ፣ ሴቶቹና ግልገሎቹ በሕይወት እየተያዙ ለግል ስብስብ በመሸጣቸው በ2007 ወደ 65 ወረደ። መንግሥት የጥብቅ ስፍራውን መሬት በ90 በመቶ ሲቀንስ ዩኔስኮ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው፤ ከመዝገቡ የተሰረዘ የመጀመሪያው ስፍራ ይኸው ነው። ሳዑዲ በአንጻሩ በ1995 ሳላዎችን የለቀቀችበት፣ ከ12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው የዑሩቅ በኒ መዓሪድ ጥብቅ ስፍራ በ2023 በዚሁ መዝገብ ገብቷል።

ዓረቢያ ለዚህ የቆየ ልማድ አላት። «ሒማ» የሚባለው ሥርዓት መሬትን በሽቦ ሳይሆን በስምምነት ይጠብቅ ነበር፤ ግጦሹ የሚከፈትበት ጊዜና የሚገባው ከብት ይወሰናል። በጃሂሊያ ዘመን ለኃያላን ጥቅም ይከለል የነበረውን እስልምና ለሕዝብ ጥቅም አዞረው፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕን ለሙስሊሞች ፈረሶች መከለላቸው ይታወቃል። ዛሬ መኪናና ገበያ ባለበት ስምምነት ብቻውን መበቃቱ ቢያጠራጥርም፣ በአካባቢው እረኛ ያልተደገፈ አጥርም ለብቻው አይቆምም።

የእኛም አገር ተመሳሳይ ልምድ አላት። በ1974 እ.ኤ.አ. ከሰንቀሌ ቆርኬዎች ተይዘው ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ተወስደው ነበር። በነጭ ሳር መንጋው እየመነመነ ሄደ፤ የሰንቀሌው ግን እስከ ዛሬ አለ። እንስሳውን ማጓጓዙ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ግን ለዓመታት በጀትና ሰው ይፈልጋል።

ወደ ሻይባ ስንመለስ፣ ስፍራው ከመሃዛት ሲሦ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው የሩብ አል-ኻሊ ክፍልም በዓመት ከ50 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ያገኛል። በዚህ መሬት ላይ መንጋው በበዛ ቁጥር ስኬት ተብሎ ቢጻፍ፣ የመሃዛት ድርቅ ሊደገም ይችላል። ስለዚህ መታየት ያለበት የተወለዱት ግልገሎች ቁጥር ብቻ አይደለም። ዝናብ በቀረበት ዓመት መኖና ውኃ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል ወይ? ትርፍ የሆኑትስ ከአጥሩ ወጥተው ወዴት ይሄዳሉ፣ የሚቀበላቸውስ ስፍራ ተለይቷል ወይ? በ2011 በተደረገው ግምት በዱር ያሉት ሳላዎች ከ1,000 ጥቂት ሲበልጡ፣ በማቆያ ያሉት ከ6,000 እስከ 7,000 ነበሩ።