ባትሪ ከመኝታ ቤት ይውጣ



ባለፈው ጥር የሠርግ ሰሞን በመንደራችን የደረሰውን አደጋ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወሬው ያልደረሳችሁ ብትኖሩ እንኳ ፍንዳታውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ለሠርግ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው አንዲት የስፖርት መኪና ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ቆማ ከረመችና ባትሪዋ ሞተ። እንዲህ ያለች መኪና ቆማም ትበላለች። የሌባ ደወሏ፣ ሰዓቷና ኮምፒዩተሯ ሌት ተቀን ከባትሪው ጥቂት ጥቂት ይጠባሉ። የሐይቅ የጥር ሌሊት ብርድ ሲታከልበት ደግሞ የደከመ ባትሪ ጠዋት ሞተር ማዞር ያቅተዋል።

የቤቱ ልጅ ባትሪውን ፈትቶ ወደ ቤት አስገባው፤ ከጎረቤት ቻርጀር ተዋሰና አልጋው አጠገብ ሰክቶት አደረ። በማግሥቱ ቤቱ እንደ ተዘጋ ቡና ተፈላ፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ልጁ «መቼም ሞልቷል» ብሎ፣ ቻርጀሩን ከሶኬት ሳይነቅል የባትሪውን መቆንጠጫ መንጭቆ አላቀቀው። ብልጭ አለ፣ የባትሪው ክዳን ፈነዳ፣ አሲዱም ፊቱ ላይ ተረጨ። የልጁን ዓይን ያተረፈው የእናቱ ፍጥነት ነው። ሌላው ሰው ሲጮኽ እሳቸው ጀሪካኑን አንሥተው ውኃውን ፊቱ ላይ አወረዱት። ዛሬ ልጁ ደኅና ነው፤ ጉንጩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ስለ ጉዳዩ እንድንጽፍ አስገድዶናል።

ለመሆኑ ባትሪ ለምን ይፈነዳል? በውስጡ እርሳስ፣ አሲድና ውኃ ያለው የተለመደው የመኪና ባትሪ ሲሞላ፣ በተለይም ሊሞላ ሲቃረብ፣ ውኃው እየተበተነ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን የሚባሉ ጋዞችን ይሰጣል። ሃይድሮጂን ቀለምም ሽታም የለውም። ከቤቱ አየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ያህሉን ከያዘ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ቀላል ስለ ሆነም ወደ ላይ ወጥቶ ከኮርኒስ ሥር ይጠራቀማል፤ በባትሪው ክዳን ውስጥና ዙሪያም አይጠፋም። የቡና ከሰል፣ ኩራዝ፣ ሲጋራ፣ ወይም ልጁ እንዳደረገው የመቆንጠጫ ብልጭታ ይለኩሰዋል። ደጅ ላይ ቢሆን ነፋሱ ወዲያው ይበትነው ነበር።

አንዳንድ ሰው «ሽታ ከሌለ አደጋ የለም» ሲል እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነገር የመጣ እንደ ሆነ ባትሪው ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቅሎ፣ በርና መስኮት ከፍቶ መራቅ ነው። ሽታ አለመኖሩ ግን ስለ ሃይድሮጂኑ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ስንል ሰው ባትሪውን አልጋው ሥር የሚያስገባው ስላላወቀ ብቻ ነው እያልን አይደለም። ደጅ ላይ ያደረ ባትሪ ጠዋት የለም! ባትሪ ደግሞ ዋጋው የዋዛ አይደለም። ሌባ የፈራን ሰው «ደጅ አውጣው» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ስለዚህ ጉዳይ ከታች ያሰብነውን እናቀርባለን፤ በቅድሚያ ግን ስለ አሠራሩ።

የሚሞላው ባትሪ በረንዳ ላይ ወይም ሁለት ወገኑ ክፍት በሆነ መጠለያ ሥር፣ ልጆችና እሳት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ከመኪናው ሲፈታ አስቀድሞ ጥቁሩ፣ ማለት ማይነሱ ይፈታል፤ ሲታሰር ግን ቀዩ ይቀድማል። ይህ ከተገለበጠ መፍቻው የመኪናውን ብረት የነካ ጊዜ እሳት ይተፋል። ቻርጀሩ ከሶኬት ሳይሰካ ቀይ ከፕላስ፣ ጥቁር ከማይነስ ይያዝ፤ ባትሪው መኪናው ላይ እንዳለ የሚሞላ ከሆነ ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ብሎ የሞተሩን ብረት ይንከስ። ስፒናው ሶኬት የሚገባው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ሲጨረስ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይወጣል። ከዚያም ጋዙ እስኪበተን ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቀዩን ማንሣት። ያ ልጅ ይህችን አንዲት ቅደም ተከተል ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ቶናውን በሰላም በጠጣ ነበር።

ቸኩሎ መሙላትም ባትሪ ይገድላል። የተለመደው መለኪያ የባትሪውን ዐቅም አንድ አሥረኛ መስጠት ነው፤ ለባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 6 አምፔር ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ከዐሥር ሰዓት በላይ ይፈጃል። በራሱ የማያቆም አሮጌ ቻርጀር ሰክቶ መተኛት ግን አይገባም። ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በመለኪያ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12 አካባቢ ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። የጎደለ ውኃ የሚጨመረው ከተሞላ በኋላ ነው፤ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ከተራቆቱ ብቻ አስቀድሞ እነሱን እስኪሸፍን ይጨመራል። ውኃውም ለባትሪ የተጣራው ነው። ከሐይቃችን የተቀዳው ለቆሮሶ እንጂ ለባትሪ አይሆንም። መብራት ሲሄድ ስፒናውን እንንቀል፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋ እንቆይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ቻርጀር መደረብም ይቅር።

በዚያው የሠርግ ሰሞን አንድ ሹፌር ወንድማችን መኪናይቱን በአይሱዙው ገመድ ስቦ ሊያስነሣት አስቦ ነበር። ደግነቱን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን 24 ቮልት የሚሠራ የጭነት መኪና ለ12 ቮልት መኪና ቢያበድር ኮምፒዩተሯን አቃጥሎ ነው የሚሸኛት። ከአምባሰል ወገን፣ ከውጫሌ መንገድ የሚወርዱ ሹፌሮችም ለመንገደኛ ሲረዱ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው። የስፖርት መኪና ሌላም ጠባይ አላት። የአንዳንዷ ባትሪ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ ባትሪው ከሞተ በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ክዳን ስለማይታዘዝ ባትሪው ወጥቶ ሳለ ክዳኑን መዝጋት አይገባም። ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ለመሙያ የተዘጋጀ የፕላስ ነጥብ አለ። ባትሪዋ የታሸገ ወይም ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ለዚያ ዓይነት የተሠራ ቻርጀር ካልተገኘ አለመንካት ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በየመንገዱ ይታያሉ። እነዚህ ሁለት ባትሪ አላቸው፤ አንዱ ትንሹ ባለ 12 ቮልት፣ ሌላው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘው ትልቁ ነው። የጎረቤት ቻርጀር ትልቁ ዘንድ ፈጽሞ አይደርስም። እሱ የሚሞላው በራሱ ገመድ፣ ባለሙያ በዘረጋው መስመር ነው።

አሲድ ዓይን የነካ እንደ ሆነ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ዓይን ያን ያህል አይጠብቅም። ወዲያውኑ፣ ሳያሹ፣ ዓይኑን ገልጦ ቢያንስ 20 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፤ አሲድ የነካውን ልብስ ማውለቅ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም። ቅቤም ሎሚም አይቀባም። ባትሪ የሚሞላበት ቦታ ሁሉ አንድ ሙሉ ጀሪካን ከጎኑ ይቁም።

አሁን ወደ ሌባው እንመለስ። የማኅበራችን ግቢ መጋዘን ጎን ያለው ዳስ ሁለት ወገኑ ክፍት ነው፤ ጣሪያም አለው፤ ሌሊት ዘበኛ ያድርበታል። በዙሪያው የሽቦ አጥር ቢታጠርበትና ቁልፍ ቢበጅለት ማንም ነዋሪ ባትሪውን እዚያ አስመዝግቦ ማሳደር ይችላል። የመብራቱን ሒሳብ ተጠቃሚው ይክፈል፤ ለሽቦው ግን ከሁላችንም መዋጮ ያስፈልጋል። «መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ» የሚል አባል እንደሚኖር እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሳለ መኪና ያለውም የሌለውም በዚያው የመኪና ባትሪ አምፖል እንዳበራ አንርሳ፤ ፍንዳታው የደረሰበት ክፍል ውስጥም መኪና ያልነበራቸው አራት ጎረቤቶች ቡና ይጠጡ ነበር።

ሐሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። ቻርጀራቸውን ለማዋስ የተስማሙ ሁለት አባላት አሉ፤ ሦስተኛ ከተገኘ፣ በተለይም በራሱ የሚያቆም ቻርጀር ያለው፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስታውቅ።