ድሃው በቀጠሮ፣ ያለው በጥድፊያ!

«ማርያም ስማህ ነው» እየተባልኩ ያደግሁበት የውስጥ እግሬ ጥቁር ምልክት ዘንድሮ ሰፋ፤ ተዥጎረጎረ። ጎህ ሳይቀድ መንግሥት ሆስፒታል ተሰለፍኩ፤ ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ሆነ። ግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ክፈልና አሁኑኑ እናቃጥልልህ» አሉኝ። ጎበዝ፣ የተቃጠለ ሥጋ እኮ አይመረመርም!

ቦብ ማርሌይን እ.ኤ.አ. በ1981 የገደለው የቆዳ ካንሰር የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። እንዲህ ያለው ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና ጥፍር ሥርን ይመርጣል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ መንግሥትም ሆነ ግል፣ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት «ተቆርጦ የሚወጣው ፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» በል። «አይላክም» ካሉህ ውልቅ ብለህ ውጣ።

መንግሥትስ? ድሃው በቀጠሮ፣ ገንዘብ ያለው በጥድፊያ የሚሞትበት አገር «የጤና ፖሊሲ አለኝ» ብሎ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም!