ነቀምቴ ከእሽቅድምድም ሜዳ በፊት የፍሬን መማሪያ ሜዳ ያስፈልጋታል

ከተማሪዎቻችን ጋር ከክፍል ውጭ ስንጨዋወት ወሬው ወደ መኪና እሽቅድምድም የሚያዘነብልበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል። ምክንያቱም አይጠፋንም። ሩዋንዳ የፎርሙላ 1 ውድድርን ለማስተናገድ መጠየቋን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ይፋ አድርጋለች። የመጨረሻውን የአፍሪካ ፎርሙላ 1 ውድድር በ1985 ዓ.ም. ያስተናገደው የደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ፣ የማሻሻያ ንድፉን በሰኔ 2017 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን አጸድቋል። ኬንያም የሳፋሪ ራሊን በ2013 ዓ.ም. ወደ ዓለም ሻምፒዮናው መልሳለች። ሳዑዲ ዓረቢያ ቂዲያ ላይ ያቀደችው መወዳደሪያ ደግሞ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታው መካከል 108 ሜትር የከፍታ ልዩነት እንደሚኖረው በኩራት ይነገርለታል። «እኛስ መቼ ነው?» ይሉናል ተማሪዎቹ።

ይህ 108 ሜትር ከነቀምቴ ተነስቶ ወደ ጊምቢ የተጓዘን ሰው ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ መንገዱ ከዚያ ተነስቶ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። የከፍታ ልዩነቱን ለስሌት እንዲመቸን 800 ሜትር እንበለው። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ለሚወጣው ጉዞው እፎይታ ነው፤ ከጊምቢ በኩል ቡና ጭኖ ለሚመጣው የጭነት መኪና ግን ያው ቁልቁለት በሌላ አቅጣጫ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ተፈጥሮ የሰጠችን መወዳደሪያ አለን ማለት ነው፤ የሚወዳደሩበት ግን ሚኒባስ፣ አይሱዙና የሕዝብ አውቶቡስ ናቸው።

እስቲ ጥቂት እናስላ። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 800 ሜትር ሲወርድ 63 ሚሊዮን ጁል ያህል የከፍታ ጉልበት ያጣል። ይህ ጉልበት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረን አንድ በርሜል ሙሉ ውሃ፣ ማለትም 200 ሊትር፣ ለማፍላት ይበቃል። (በነቀምቴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል።) ጉልበት አይጠፋምና የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይሸከማል፤ ካልሆነ ግን የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይከማቻል። የጋለ ፍሬን የሰበቃ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ታምቡሩም ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። በፍሬን ዘይት በሚሠራ መኪና ላይ ደግሞ እርጥበት የጠጣው ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ሲጫኑት የሚታመቅ ነገር ነውና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል።

የአደጋ ዜና ሲሰማ «ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል፤ ፍሬን እንደ ገመድ የሚበጠስ ነገር ይመስል። በብዙ ቁልቁለት ላይ ግን የሚሆነው ሌላ ነው፦ ፍሬኑ ጉልበቱ ያለቀው ገና ከአናቱ፣ ሹፌሩ ማርሹን ነፃ ባደረገበት ቅጽበት ነው። ይህ የሚደረገው ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ይባላል። ቁጠባውም ቢሆን የለም። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ራሱ ስለሆነ የነዳጅ ፓምፑ መርጨቱን ያቆማል። ማርሹ ነፃ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰድ ግድ ይለዋል።

ወደ ዲዴሳ ስንወርድ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በመስኮት ሲገባ በተደጋጋሚ ገጥሞናል። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ እናት «ምን ይሸታል፣ ልጄ?» ብለው ረዳቱን ቢጠይቁት «ከውጭ ነው፣ እማማ» ብሏቸው አለፈ። እውነቱን ነው፤ ከውጭ ነበር፤ ከራሳችን ጎማ ሥር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑትም ቀዳሚው የሞት መንስኤ ይኸው ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢ አብዛኛው በዚህ የዕድሜ ክልል ውስጥ እንደሚገኝ ለማወቅ ጥናት አያሻም።

አሽከርካሪዎቻችን ታዲያ ምን ይማራሉ? እኛ የተመለከትናቸው የልምምድ ሜዳዎች ደልዳላ ባዶ ቦታዎች ናቸው። ሠልጣኙ በተተከሉ እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይዞራል፣ ያቆማል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚደረገው በእግር ሊቀደም በሚችል ፍጥነት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር እየነዳ በእርጥብ መንገድ ላይ በሙሉ ኃይሉ ፍሬን ይዞ የማያውቅ ሰው መንጃ ፈቃዱን ይወስዳል። የመጀመሪያውን ሙሉ ፍሬን የሚይዘውም ሰው መንገድ ላይ ሲገባበት ነው።

ለዶክትሬት ትምህርት በሰሜን አውሮፓ ሳለን አንድ ወዳጃችን ወደ ተዘጋ የልምምድ ሜዳ ይዞን ሄዶ ነበር። አሠልጣኙ አንድ መስመር አስምሮ፣ ተማሪዎቹ መስመሩን ሲነኩ ፍሬን እንዲይዙ አዘዘ። መጀመሪያ በ50 ኪሎ ሜትር ሄዱና የቆሙበት ቦታ ላይ የካርቶን ሰው ቆመ። ቀጥሎ በ60 መጡ። የካርቶኑ ሰው ሲመታ መኪናው ገና በ33 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ነበር። ፊዚክስ አስተማሪ ነንና ስሌቱን እናውቀው ነበር፤ የ60 ካሬ ሲቀነስ የ50 ካሬ 1,100 ነው፣ ሥሩም 33 ነው። ድምፁን ስንሰማ ግን ደነገጥን።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ «መንሸራተትን ያለማመደ ትምህርት ቤት ሹፌር አላፈራም» እያልን በየክፍሉ ስንናገር ኖረናል። ተሳስተን ነበር። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአዳዲስ አሽከርካሪዎች የአንሸራታች መንገድ ትምህርትን አስገዳጅ አድርጋ ነበር። በኋላ በተደረገው ግምገማ ግን በተለይ ወጣት ወንዶች ከትምህርቱ በኋላ በአንሸራታች መንገድ ላይ የሚያደርሱት አደጋ ጨምሮ ተገኘ። ስዊድናዊው ተመራማሪ ኒልስ ፔተር ግሬገርሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው ጥናት ምክንያቱን ይጠቁማል። አንደኛው ቡድን መኪናን የመቆጣጠር ችሎታ ተማረ፤ ሁለተኛው ደግሞ ችሎታው ውስን መሆኑን እንዲያይ ተደረገ። ሁለቱ ሲፈተኑ በችሎታ አልተበላለጡም። የመጀመሪያዎቹ ግን ራሳቸውን የተሻሉ አድርገው ገመቱ። ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚያምን ሹፌር ደግሞ በፍጥነት ይነዳል።

ስለዚህ ነቀምቴ ላይ እንዲሠራ የምንመኘው ሜዳ ጀግና የሚያፈራ ሜዳ አይደለም። ሠልጣኙ ፍሬን ከመያዙ በፊት «እዚህ ጋ እቆማለሁ» ብሎ ችካል ይተክላል፤ ከዚያ ይነዳል፤ በችካሉና በቆመበት መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። ትምህርቱ ይኸው ልዩነት ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ የሰበቃው ቁጥር 0.4 ቢሆንና ሹፌሩ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ፣ በ40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በ27 ሜትር ይቆማል። በ80 የሚነዳው ግን 85 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ያየው ይረሳዋል፤ ከችካሉ አልፎ 40 ሜትር የተንሸራተተ ግን አይረሳውም ብለን እናምናለን።

ሜዳው ሰፊ መሆን አይጠበቅበትም። እስከ 60 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 140 ሜትር፣ የሰበቃ ቁጥሩ 0.2 በሆነ ጭቃ ላይ ለመቆም 71 ሜትር፣ ለጥንቃቄ የሚተው ትርፍ ተጨምሮበት 300 ሜትር ርዝመት ይበቃል። ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ የአገሩ ቀይ አፈር ቢሆን ደስ ይለናል። ሌሎች አገሮች ለዚህ ዓይነቱ ሜዳ ልዩ ቅብና የውሃ መርጫ ይገዛሉ፤ ነቀምቴ ዝናብ መግዛት አያስፈልጋትም። የቁልቁለቱን ነገር ግን ሜዳው ሊያስተምር አይችልም። 800 ሜትር የሚወርድ ልምምድ የሚገኘው በራሱ በዲዴሳ መንገድ ላይ ነው፤ አሠልጣኝ አብሮ ተቀምጦ፣ ታች ሲደረስ የታምቡሩ ሙቀት በርቀት መለኪያ ቴርሞሜትር ተለክቶ። አንድ ጊዜ በከባድ ማርሽ፣ አንድ ጊዜ ፍሬን በማዘውተር ወርዶ ሁለቱን ቁጥሮች ማነጻጸር ነው። ማርሽ ነፃ አድርጎ መውረዱን ግን በልምምድም ቢሆን አንሞክረውም።

ይህ ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ የቆየው ግጭት ብዙ መንገድ ዘግቷል፤ መንገዱ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሰው ስለ ፍሬን ርቀት ሲነገረው ቢገረም አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ መንገድ በተከፈተ ማግሥት የተጠራቀመው ተጓዥና ጭነት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ሹፌሩም የባከነውን ቀን ለማካካስ ይቸኩላል። የመሬቱ ጥያቄ በእርግጥ ከባድ ነው። ለከተማ አስተዳደር 300 ሜትር ደልዳላ ቦታ ማለት ብዙ ቤት ማለት ነውና። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ሊተባበር ይችላል ብለን እናስባለን፤ መለኪያውም፣ የሚለካው ተማሪም በቅጥሩ ውስጥ አሉ።

እስከዚያው ግን በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ያላችሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዛሬውኑ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ከጎሚስታ አንድ የተጣለ ጎማ ለምኑና ቁራጩን በአሸዋ ሙሉት። ከነአሸዋው 20 ኪሎ ግራም ቢመዝን ክብደቱ 196 ኒውተን ነው። በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ርቃችሁ፣ በስፕሪንግ ሚዛን በዝግታ ጎትቱት። ሚዛኑ 80 ኒውተን ካነበበ የሰበቃ ቁጥሩ 0.4 ገደማ ነው። አንድ ጊዜ በደረቅ፣ አንድ ጊዜ ከዝናብ በኋላ፣ አንድ ጊዜ በኮረት ላይ ሞክሩት። ቀኑን፣ ቦታውንና የመሬቱን ሁኔታ ጽፋችሁ ወደ ፋኩልቲያችን ብትልኩልን ቁጥሮቹን ሰብስበን በዚሁ መጽሔት እናወጣቸዋለን።