ጊዮርጊስ በነበረበት ሰማይ

የዐድዋን ሥዕል ሳሎናችሁ ሰቅላችሁ ከሆነ ልጆቻችሁ «ጣሊያኖቹ ለምን አንድ ዐይን ብቻ አላቸው?» ብለው ሳይጠይቋችሁ አልቀሩም። በአገራችን የሥዕል ወግ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ክፉ ሰው በጎን ይሣላል። ወጉ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የመጣ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን እንዲያዩ ንገሯቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ከእኛ ወገን ይዋጋል።

ምሥራቅ ጎጃም ለዚህ ወግ ባዳ አይደለም። ብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ሞጣም ታቦቷ ጊዮርጊስ ነው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ለብቻው የታየላቸው ሠዓሊ ቄስ አዳሙ ተስፋውም የተወለዱት ብቸና ነው።

የማይጨው ጦርነት ሲሣል ግን ሰማዩን የያዘው አውሮፕላን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሆነውን የሚያሳዩት ሥዕሎች ከላይ ቦምብ፣ ከታች ወደ ላይ ያነጣጠረ ጠመንጃ ያሳያሉ። ሁለት አውሮፕላን ሲተናነቅ አታዩም። ከየት ይምጣ? ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት አውሮፕላኖች ለመልእክትና ለማመላለሻ እንጂ ለውጊያ የሚበቁ አልነበሩም።

ቅድመ አያቶቻችሁ ጎጃሞች ከሆኑ ነገሩ ወደ ቤታችሁ ይጠጋል። ራስ እምሩ አስከትለውት የዘመቱት የጎጃም ጦር በታኅሣሥ 1928 ተከዜ ዳር ሳለ፣ አውሮፕላኖች እንደ ሌላው ቀን ቦምብ ሳይሆን በርሜል የሚመስል ነገር ጣሉ። ወድቆ ሲሰበር የተረጨው ፈሳሽ ቆዳ የሚያቃጥል መርዝ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ጣሊያን ውስጥ በረራን መሣል ራሱን የቻለ ፈለግ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 መግለጫ ወጥቶለት ነበር። ቱሊዮ ክራሊ በ1939 የሣለው ሥዕል ተመልካቹን ከአብራሪው ጀርባ ያስቀምጠዋል፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ከተማ ይወረወራል፣ ሕንጻዎቹ ወደ እናንተ ይሮጣሉ። ውብ ሥዕል ነው፣ አልክድም። ከአብራሪው በቀር ግን ሕንጻ እንጂ ሰው አይታይበትም። የእኛ ሠዓሊዎች የቆሙት ቦምቡ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህም የእያንዳንዱን ሰው ፊት፣ ሁለቱንም ዐይኑን ይሥሉታል።

ለሳሎን የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ዐድዋ ነው፤ ድል ደስ ይላል። እኔ ብሆን ማይጨውን አጠገቡ እሰቅለዋለሁ። ቸርችል ጎዳና ወርዳችሁ ሥዕል ስትመርጡ ሁለቱን ጎን ለጎን አስደርድሩና ልጆቹ መጀመሪያ ሰማዩን እንዲያዩ አድርጉ።