ማክ ወይስ ዊንዶውስ? የይፋት ነጋዴ ገንዘቡን የት ያውል?

ኮምፒዩተር እንደ በሬ ነው፤ ብቻውን አያርስም። ጥንዱ ሶፍትዌሩ ነው። ብዙ ነጋዴ ግን ሊገዛ ሲወጣ የሚጠይቀው የዕቃውን ስም እንጂ አብሮት የሚጠመደውን ፕሮግራም አይደለም። ከሸዋሮቢት ተነሥቶ ጣርማበርን አቋርጦ፣ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የገባ የሽንኩርት ወይም የማሾ ነጋዴ፣ ደላላው «ማክ ይውሰዱ፣ ዕድሜ አለው» ሲለው፣ ባልንጀራው ደግሞ «ዊንዶውስ ያዝ» ሲለው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ኮምፒዩተር የውጭ ዕቃ ነው። ዛሬ የማይሆን ማሽን መግዛት፣ በምርት ወቅት አንድ አይሱዙ ሽንኩርት ለማንሣት የሚያገለግለውን ጥሬ ገንዘብ እንደ መቅበር ይቆጠራል።

እንግዲህ እንመዝን። አይ.ቢ.ኤም. የመጀመሪያውን ፒሲ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ የአፕል ማኪንቶሽ በ1984 ተከተለ። የአይ.ቢ.ኤም.ን አሠራር ሌሎች ኩባንያዎችም እየተከተሉ ስለሠሩ ዋጋው ወረደ፤ መለዋወጫውም በየሱቁ ገባ። ማክ ግን በአመዛኙ በአንድ ኩባንያ እጅ ቀረ። ልዩነቱ ዛሬም በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። የብዙ ዊንዶውስ ላፕቶፖች ራምና ሃርድ ዲስክ ይቀየራል። በአዲሶቹ ማክቡኮች ግን ራሙ ከቺፑ ጋር የተዋሐደ ነው፤ ሲገዙ የመረጡት መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሒሳብ መዝገብ ነው። የአገራችን የሒሳብ ሠራተኛ በብዛት የለመደው ፒችትሪን ነው። ይህ ፕሮግራም ዛሬ ሴጅ 50 ይባላል፤ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ማክ የገዛ ነጋዴ በመካከል ሌላ ፕሮግራም ማስገባት ይኖርበታል። ይህ ደግሞ ተጨማሪ ወጪ፣ ተጨማሪ ጣጣ ነው።

ለማክም ሐቁን እንስጠው። የአፕል ቺፕ ያላቸው ማክቡክ ኤሮች ማራገቢያ ስለሌላቸው አቧራ አይስቡም፤ ባትሪያቸውም ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አፕል ራሱ ላፕቶፖቹ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራባቸው ይመክራል፤ የይፋት ቆላ በበጋ ምን እንደሚመስል ለነጋዴው አይነገረውም። በርካሽ የሚቀርበውን ያገለገለ ማክ ደግሞ ጠንቀቅ ነው። አፕል ባለ ኢንቴል ቺፕ ማኮችን የሚያስተናግደው የመጨረሻ ስሪት ማክ ኦ.ኤስ. ታሆ መሆኑን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 አስታውቋል።

ዊንዶውስም ወጥመድ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በማንኛውም ማሽን አይጫንም፤ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ መሆን አለበት። ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ሲል፣ ገዢው «ስንተኛ ትውልድ?» ብሎ ይጠይቅ። የ4ኛ ትውልድ ኮር አይ 7 ከ8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ላይሻል ይችላል።

አሮጌ ማሽን በእጁ ያለ ሰውስ? ሊኑክስ በነጻ ይገኛል፤ በአሮጌ ዕቃም ላይ ይሠራል። የሚያውቀው ሰው በአቅራቢያው ከሌለ ግን ነጻነቱ ውድ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የማይዘነጋው ግን መረጃው ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአንዱ የግእዝ ፕሮግራም የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት ለችግሩ መፍቻ ተገኘ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ይለወጣል፣ መዝገቡ ግን ከማሽን ወደ ማሽን መሻገር አለበት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋሮቢት ሲደርስ ንብረት ተዘርፏል። የዱቤና የቀብድ መዝገቡን በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያስቀመጠ ሰው ማሽኑ ሲሄድ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። ቅጂው በሌላ ቦታ ቢኖር ግን የጠፋው ዕቃው ብቻ ነው።

በእኛ አስተያየት በቆላው የሚነግድ ሰው ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ላፕቶፕ ቢገዛ ይበጀዋል። ዴስክቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ማክ ለፊልም አቀናባሪና ለማስታወቂያ ሠሪ ይሁን። ከመግዛቱ በፊት ግን ነጋዴው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የሒሳብ ሠራተኛዬ በምን ይሠራል? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ቅጂው የት ይቀመጣል? ለእነዚህ መልስ ሳይዝ ኪሱን የሚፈታ ሰው፣ ሚዛን ሳያይ ማሾ እንደሚገዛ ሰው ነው።