የተማረው ወጣትና የሚጠባበቀው ወንበር

የአፍሪቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. 2024ን የትምህርት ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። የአህጉሩ መሪዎችም በዚያው ዓመት በየካቲት ወር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ለዘመኑ የሚበቃ አፍሪቃዊ ወጣት ስለ ማስተማር ተነጋገሩ። ከአራት ወር በኋላ፥ በሰኔ፥ የኬንያ ወጣቶች አዲስ የቀረበውን የግብር ሕግ ተቃውመው ናይሮቢ ውስጥ ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ ዘልቀው ገቡ። ከመካከላቸውም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ብዙዎች ነበሩ። ሰዎች ሞቱ፤ ፕሬዚዳንቱም በማግሥቱ ሕጉን አልፈርምም አሉ። በተከታዩ ዓመት በመስከረም ደግሞ የሞሮኮ ወጣቶች ለኳስ ሜዳ የሚወጣው ገንዘብ ለሐኪም ቤትና ለትምህርት ቤት ይሁን እያሉ በየከተማው አደባባይ ወጡ።

እነዚህን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመለከት ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። አፍሪቃ ከነጻነት ወዲህ የትምህርትን ያህል ገንዘቧንና ተስፋዋን ያፈሰሰችበት ነገር ጥቂት ነው። ታዲያ የተማረው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የተከፋ ሆኖ የሚገኘው ስለ ምን ነው? የአፍሪቃ ልማት ባንክ ደጋግሞ እንደገለጸው በአህጉሩ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ ወጣቶች ለሥራ ይደርሳሉ፤ ደመወዝና ውል ያለው ሥራ የሚከፈተው ግን ለ3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። በብዙ አገሮችም ሥራ ማጣት ከመሃይሙ ይልቅ በተማረው ላይ ይበረታል። ምክንያቱም መሃይሙ ድሀ ስለሆነ ያገኘውን ይሠራል እንጂ ሥራ እየመረጠ ሊቀመጥ አይችልምና ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ «ትምህርቱ የቢሮ ትምህርት ስለሆነ ነው፤ የእጅ ሙያ ይማሩ» የሚል ነው። ይህ መልስ ግማሽ እውነት አለው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ሌላውን ግማሽ ልናሳይ እንፈልጋለን። ስለ ውጭ አገር ስንጽፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይገንዘቡልን።

ነገሩ የተጀመረው በተስፋ ነው። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪቃ መንግሥታት ተወካዮች በዩኔስኮና በአፍሪቃ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ጠሪነት አዲስ አበባ ላይ ስለ ትምህርት መስፋፋት ጉባኤ አድርገው ነበር። ያን ጊዜ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱት የአፍሪቃ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት ከመቶ 40 ያህሉ፥ ለሁለተኛ ደረጃ ከደረሱት ደግሞ ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ጉባኤው በአምስት ዓመት ውስጥ የፊተኛውን ወደ 51፥ የኋለኛውን ወደ 9 ለማድረስ፥ እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በግዴታና ያለ ክፍያ ለሁሉ እንዲዳረስ ዐቀደ። ዕቅዱ በተባለው ዓመት አልተፈጸመም። ቢሆንም ያወጡት ሰዎች የሚነቀፉ አይደሉም፤ ሐኪሙም መሐንዲሱም ዳኛውም የውጭ አገር ሰው የነበረበት አገር ነጻ ሲወጣ ከትምህርት ሌላ ምን ሊያስቀድም ይችል ኖሯል? ብዙ ያልታሰበበት ነገር ተማሪው ሲጨርስ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ለዚህ ነገር አስቀድሞ የደረሰው የናይጄሪያ ምዕራባዊ ክፍል ነበር። በኦባፌሚ አዎሎዎ የሚመራው መንግሥት በጥር 1955 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ባደረገ ጊዜ የተማሪዎቹ ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን በታች ከነበረበት ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሆነ። ትምህርቱ የስድስት ዓመት ነበርና ከ1960 መጨረሻ ጀምሮ ልጆቹ እየጨረሱ ወደ ኢባዳንና ወደ ሌጎስ ጎረፉ። ወላጆቻቸው በጥቂት ንባብ ጸሐፊ ለመሆን የበቁ ሰዎችን ያውቁ ነበር፤ ልጆቹ ሲደርሱ ግን ያ ወንበር ተይዞ ቆየ። መንግሥቱም መሬት፥ ቤትና መሣሪያ እየሰጠ የተማሩ ወጣቶችን በእርሻ ሰፈሮች ማስፈር ጀመረ። ለአንድ ሰፋሪ የሚወጣው ገንዘብ እጅግ ብዙ ስለነበረ ነገሩ ከጥቂቶች አላለፈም፤ ከገቡትም ውስጥ ብዙዎቹ እየጣሉ ወደ ከተማ ተመለሱ።

በዚያው ዘመን ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ሊቅ የጋናን ተማሪዎች መርምሮ በ1965 መጽሐፍ አወጣ። ብዙ ሰው የሚያስበው ተማሪው የእጅ ሥራን የሚንቀው ትምህርት ቤቱ ንቀት ስላስተማረው ነው ብሎ ነው። ፎስተር የደረሰበት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በጋና የእንግሊዝ ገዢዎችና ሚሲዮናውያን ከመቶ ዓመት በላይ የእርሻና የሙያ ትምህርት ቤት እየከፈቱ ደጋግመው ሞክረዋል፤ ሕዝቡም ደጋግሞ ትቶላቸዋል። ይህን ያደረገው ባለማወቅ አልነበረም፤ ሒሳቡን ስላወቀ ነው። ጸሐፊው በወር የሚያገኘውን ገንዘብ አናጢው አያገኝም፤ የጸሐፊው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ የአናጢው ደንበኛ ግን ዛሬ ቢመጣ ነገ ይቀራል። ስለዚህ ሰዋስውና ታሪክ የሚማረው ልጅ በራሱ ዓይን ሲታይ እጅግ የሚያዋጣውን ሙያ እየተማረ ነበር ማለት ነው።

ይህ አባባል ከስድሳ ዓመት በኋላም ቢሆን አላረጀም። ልጁ የሚያነበው በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱንም ቤት ጣራ ያነባል፤ የማን ሣር፥ የማን ቆርቆሮ እንደሆነ ያያል። አስተማሪው ስለ እርሻ ክቡርነት ሲናገር ልጁ የሚሰማው በአንድ ጆሮው ነው፤ በሌላው ጆሮው አስተማሪው ራሱ ወደ ከተማ ለመዛወር ማመልከቻ እንዳስገባ ይሰማልና።

በአገራችንም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት ዋና ትምህርቱ የውጭ ቋንቋ የሆነው መንግሥቱ አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ስለነበረ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላም ተማሪው በአዳሪ ቤት ልብሱንና ምግቡን እያገኘ ይማር ነበር፤ ሲጨርስም መሥሪያ ቤቶች ይሻሙበት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የቆሎ ተማሪ እንኳ ቅኔና ዜማ ተምሮ ሲወጣ ደብር ያጣ እንደሆነ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ መጽሐፍ እየጻፈ ይኖር ነበር፤ ሹመቱ ቢቀርበት እጁ ሙያ ያውቃል። የዘመናዊው ተማሪ ወንበሩ የቀረበት እንደሆነ ግን በእጁ የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ባለ እጅን ጠይብ፥ ሸማኔ፥ ፋቂ እያሉ የመሳደብ ልማድም እንደነበረ የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ መልካም ነበር፤ ስድቡ ግን አልቆመም። ይሁን እንጂ ቆይቶ አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። መኪና ወደ አገራችን ሲገባ መካኒክ የሚባል ባለ እጅ መጣ፤ እርሱም ብረት ይቀጠቅጣል፥ እሳት ያነዳል፥ እጁም በቅባት ይጠቁራል። ነገር ግን ጋራዥ የከፈተውን መካኒክ ቀጥቃጭ ብሎ ልጁን የከለከለው አባት ማን ነው? አዋጅ ያልቻለውን ገቢ ቻለው።

የ1964 ዓ.ም. የትምህርት ጥናት የወደቀው ይህን ሳያመዛዝን በመቅረቱ ይመስለናል። በዚያ ዘመን 12ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ሥራ ማጣት ጀምረው ስለነበረ ባለሙያዎች ተሰብስበው ሰፊ ጥናት አዘጋጁ። አሳቡም ለአብዛኛው የገጠር ልጅ ለኑሮው የሚጠቅም የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጠው፥ ወደ ላይ የሚያልፉት ጥቂቶች ይሁኑ የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ብልህነት ያለበት ነው። ወላጅና መምህር ግን የድሀው ልጅ የሚወጣበት መሰላል ሊነቀል ነው ብለው ተረዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ባለታክሲዎችም በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ቆሙ፤ መንግሥቱም ጥናቱን አቆየው፤ ዓመቱ ገና መስከረምን ሳይሻገር ዘውዱ ወደቀ። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም። ነገር ግን የገበሬው ገቢ እንዳለ ሆኖ የገበሬውን ልጅ «የገበሬ ትምህርት ይበቃሃል» ማለት ድህነቱን በሰነድ እንደ ማጽደቅ ነው የሚቆጠረው።

ዛሬም ትምህርት ቤታችን በአንድ በር ብቻ የሚያስወጣ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ደግሞ 3.2 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4 ከፍ ብሏል። የፈተናው መጥበቅ ኩረጃን አጋልጧልና አንቃወመውም። ነገር ግን በሩ ላይ የቀሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

የኬንያው ልምድም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በ1985 የስምንት፥ የአራትና የአራት ዓመት የተባለው ሥርዓት ሲጀመር አናጢነትና እርሻ በትምህርቱ ውስጥ ገቡ፤ የወርክሾፑ ወጪ በወላጅ ላይ ወደቀ፤ ልጁም የሚሻገረው በፈተና ስለሆነ መዶሻውን ጥሎ ደብተሩን ያዘ። ከ2017 ጀምሮ በሌላ ሥርዓት ይተኩት ገቡ። ናይሮቢ ውስጥ ግን ጁዋ ካሊ፥ ማለት ብርቱ ፀሐይ፥ የሚባሉት ያለ ጣራ የሚሠሩ ባለ እጆች ማንም ሳያስተምራቸው ምድጃና ሣጥን እየሠሩ ይሸጣሉ፤ ለምርታቸው ገዢ ስላለ ነው።

ሥራ መክፈት ብቻውንም አይበቃም። የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2019 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፥ በፋብሪካዎቹም ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት የሠራተኛው ቁጥር ሙሉ በሙሉ የሚለወጥ ያህል እንደነበረ ገለጸ። ከየገጠሩ የመጡት ልጃገረዶች የቤት ኪራይና ቀለብ ከፍለው የሚተርፋቸውን አስልተው ተመለሱ። እነርሱን ሰነፎች ማለት የፎስተርን ተማሪዎች መሃይም እንደ ማለት ነው። በ2022 መግቢያ ላይ ደግሞ አሜሪካ ለአፍሪቃ ዕቃ የሰጠችው የቀረጥ ነጻ መብት ከአገራችን ላይ ሲነሣ የፓርኩ ገዢ ራቀ።

እንግዲህ የተሳካው የት ነው ቢባል እኛ ሁለት ምሳሌ እንጠቅሳለን። ፓትሪክ ቫን ሬንስበርግ የተባለ የደቡብ አፍሪቃ ዲፕሎማት የዘር አድልዎውን መንግሥት ተቃውሞ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ በቦትስዋና ሴሮዌ በምትባል ከተማ በ1963 ትምህርት ቤት ከፈተ። ከአንደኛ ደረጃ በኋላ የሚቀሩት ልጆች ብዛት ስላሳሰበው በ1965 የግንበኞች ብርጌድ የሚባል ማኅበር አቋቋመ። ልጆቹ የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ ቤት እየሠሩ፥ የቀረውን በክፍል ይማሩ ነበር። የትምህርቱ ወጪ የሚሸፈነው ከሠሩት ሥራ በሚገኘው ገንዘብ ስለሆነ ገዢ የሌለው ሙያ በብርጌዱ ውስጥ ሊቆይ አይችልም። ያን ጊዜ ቦትስዋና ነጻነቷን ለማግኘት ተዘጋጅታ ነበር፤ ቤት የሚያሠራ ጠፍቶ አያውቅም። ሁሉም ብርጌድ ቀንቶታል አንልም፤ ሥራቸውን ከዐቅም በላይ አስፍተው የከሰሩም ነበሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ የምንረግጠው ነው። በየከተማችን የኮብልስቶን መንገድ ሥራ ሲጀመር ዲግሪ ይዞ ድንጋይ የሚፈልጥ ወጣት መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ የሳቁትም በአብዛኛው ከወላጃቸው ቤት የሚበሉት ናቸው። የወጣቱ ቅሬታ ከንቱ ነበር አንልም፤ አራት ዓመት ሒሳብ የተማረ ሰው ድንጋይ ሲጠርብ አገሪቱ ያወጣችው ገንዘብ ይባክናል። ነገር ግን ልብ የሚባለው ሌላ ነው፤ ፈላጩም፥ ጠራቢውም፥ አንጣፊውም ሙያውን በጥቂት ሳምንት የተማረው ማዘጋጃ ቤቱ በካሬ ሜትር ዋጋ ቆርጦ ስለገዛው ነው። ሥልጠናው የመጣው ገዢው ከተገኘ በኋላ ነው። በየወረዳው የምናየው ግን በአብዛኛው ግልባጩ ነው፤ መቶ ወጣት ልብስ ስፌት ይሠለጥናል፥ የምስክር ወረቀት ይታደላል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ልብሱን ማን እንደሚገዛ የጠየቀ የለም።

በአፍሪቃ አገሮች ከሁሉ የሚበልጠው ገዢ መንግሥት ራሱ ነው፤ ዴስክ ይገዛል፥ በርና መስኮት ያሠራል፥ የደንብ ልብስ ያሰፋል። ኬንያ በ2013 ከመንግሥት ግዢ 30 ከመቶው ለወጣቶች፥ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች እንዲሰጥ ደንብ አወጣች። ሥራውን አግኝተው ዕቃውን ያስረከቡ ብዙዎች ግን ክፍያው ስለዘገየባቸው ተጎድተዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያልከፈሉት ዕዳ በዚያ አገር የታወቀ ብሶት ነው።

እዚህም ቢሆን ከትምህርት ቤት ወጥተው በዕንጨት ሥራ የተደራጁ አምስት ወጣቶችን እናስብ። ጨረታው የብዙ ዓመት ልምድና የጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ ይጠይቃቸዋል፤ እነርሱ ትምህርት የጨረሱት ግን አምና ነው። ይህን በዕድል አልፈው 200 የተማሪ ዴስክ ሠርተው አስረከቡ እንበል። ንብረት ክፍሉ ተቀብሎ ፈርሟል፤ ልጆቹም በዴስኩ ላይ ተቀምጠው እየተማሩ ነው። ዕንጨት በዱቤ የሰጣቸው ነጋዴ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ከአምስቱም ሁለቱ ሥራውን ትተው የጥበቃ ሥራ ለመቀጠር ማመልከቻ ጽፈዋል። የክፍያው ሰነድ ሦስተኛ ወሩን የያዘው በአንድ ወጣት የሒሳብ ሹም ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የጎደለውም አንድ ፊርማ ነው።